በየጊዜው የሚለዋወጥ የመስማት ችግርና የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ

ትምህርት ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ፣ ጉዳት ያለበት ሕፃን ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር መወጠኑ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በአፈጻጸም ጊዜ መስማት የተሳነውን የመለየት ሥራ በዓመቱ መጀመሪያ ምዝገባ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሕፃናት ሳይታወቁ ይቀራሉ። በእነርሱ ዘንድ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ይደጋገማል፤ ጆሮው መግል ሲይዝ መስማት ይቀንሳል፣ ሲድን ይሻሻላል፤ ሕመሙ ከቆየ ግን ጉዳቱ ሊጸና ይችላል። የአፍና የጉሮሮ ቁስልም ድምፅን ያሻክራል። ስለዚህ በጥቅምት የሰማ ሕፃን በየካቲት ላይሰማ ይችላል።

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከሩቅ ቀበሌ ሆስፒታል ለመድረስ ለሚቸገር ቤተሰብ የመጀመሪያው መርማሪ መምህሩ ነው። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የማይሳሳት ሕፃን በቃል ጽሕፈት «ሰ»ን በ«ሸ»፣ «ተ»ን በ«ጠ» የሚለዋውጥ ከሆነ፣ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ጆሮው ይታይ።

እዚህ ላይ ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ዝምታ መመረጡ ስሕተት ነው። ለመምህሩ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ውጤት ሳይሆን ሕፃኑ መስማት አለመስማቱ ነው። ስለዚህ ከጤና ተቋም የሚላከው ወረቀት ጆሮን ብቻ ይጥቀስ፤ ምርመራውም በየወሰነ ትምህርቱ ይደገም።