«ከዚያስ?»
ስለ ተከታታይ ታሪክና ስለ አድማጮቹ

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ከእኛ መካከል የተወለደ አልነበረም። ያም ሆኖ ድምፁን የማያውቅ የማራኪ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሳ ሲሟገት፣ ሰብለ ወንጌል ስትተክዝ የሚናገረው ያው አንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን ሰው ለይተን እንሰማለን። ወላጆቻችን ቀኑን ጠብቀው፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰሙት። እኛ ደግሞ ስልክ ላይ ጭነን፣ ዶርም ውስጥ አንድ አልጋ ላይ አራት ሆነን፣ ያሻንን እየዘለልን ሰማነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ የክፍል ጓደኛችን መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨርሼ ጣልኩት ብሎ ሲፎክር ሰምቻለሁ። ይፎክር፤ ግን አላለቀሰም። አያቴ በአንጻሩ በሬዲዮ የሰማችውን በዛብህን እስክትሞት ድረስ የምታነሳው እንደ ጎረቤት ልጅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሬዲዮው ሲዘጋ ታሪኩ አብሮ አይዘጋም። ውኃ ሲቀዳ፣ ቡና ሲወቀጥ «ይኸ ልጅ ምን ይውጠው ይሆን?» ይባላል። በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ አድማጩ ከገጸ ባሕርይው ጋር ይኖርበታል። በክፍል «ልብ ሰቀላ» እየተባለ የተማርነው ነገር አንባቢው ቀጥሎ ስለሚሆነው ድርጊት የሚጓጓ ብቻ አስመስሎብናል። የሚጓጓውስ ለሰውየው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልቦለድ የፍቅር ታሪክ እየተባለ ቢነገርም ግማሹ የልጅ አስተዳደግና የመንገድ ታሪክ ነው። በዛብህ ማንኩሳ ይወለዳል፤ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፤ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል፤ ዲማ ሲደርስ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሊወዳት የማይገባትን ልጅ ሲወድ አድማጩ ከልጁ ጋር ብዙ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ አጥንት ቆጥሮ ልጁን የሚድረው አባት ሳይቀር ለበዛብህ ያለቅሳል። (ጉዱ ካሳ የሚያደርጋቸው ረዣዥም ንግግሮች በንባብ ላይ ሲያሰለቹ በወጋየሁ አንደበት ግን እንደማያሰለቹ ልብ ይሏል። የደራሲውን ድካም ተራኪው የሸፈነበት ቦታ ብዙ ነው።)

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ኅብረተሰቡ «አይሆንም» ያለውን ፍቅር እንዲህ በትዕግሥት መስማት የቻለ አድማጭ ችሎታው የት ድረስ ይሄዳል?

ከበዛብህም በፊት የሆነ ነገር አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙትን፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ እያልን ለፈተና እንሸመድደዋለን። ሁለት መንታ ልጆች፣ ጦርነት፣ ምርኮ፣ ስደት፤ የወጣቶች ጀብዱ ነው። ጦቢያ በመንገድ ላይ ወንድ መስላ ስትኖር ከንጉሡ ቤት የሆነች ልጃገረድ ትወዳታለች። ደራሲው ከዚህ ጣጣ የወጡት በመንታ ወንድሟ ነው፤ መልኩ አንድ ስለሆነ ልጂቱ እሱን ታገባለች፣ ነገሩም ይስተካከላል። አፈወርቅ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው አልልም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ሌላዋን ልጅ ስትወድ የሚያሳየው ገጽ ከመጀመሪያው ልቦለዳችን ውስጥ አለ፤ እኛም ስቀን አለፍነው፤ በፈተና ላይም አልመጣም።

አሁን ባሕር ልሻገር፤ የኛ ቋንቋ ገና ያልሞከረውን የሞከረ ጋዜጣ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 «ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ የአርሚስቴድ ሞፒንን ተከታታይ ልቦለድ ማተም ጀመረ። ከሌላ ቦታ መጥተው አንዲት እንግዳ የሆነች አከራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች ታሪክ ነው። ከመካከላቸው ማይክል ቶሊቨር የሚባለው ተጫዋች ልጅ የሚወደው ወንድ ነው። ሞፒን ራሱ እንደሚተርከው አንዱ የጋዜጣው አለቃ ገጸ ባሕርያቱን በሁለት ዓምድ እየከፈለ ይቆጥር ነበር፤ እንደ ማይክል ያሉት ከሲሶ እንዳይበልጡ። ሰው በኮታ! አንባቢው ግን ቆጠራውን አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከቡናው ጋር ማይክል ሥራ ሲያጣ፣ ሲቀልድ፣ ሲከፋው ያነባል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ አኒታ ብራያንት የምትባል ዘፋኝ እንደ ማይክል ያሉ ሰዎችን ከሥራ መባረር የሚጠብቀውን የአካባቢውን ደንብ ለማሻር ዘመቻ ከፈተች፤ ተሳካላትም። የማይክል ወላጆች የፍሎሪዳ ሰዎች ናቸው፤ በልቦለዱ ውስጥ ዘመቻውን እንደደገፉ ይጽፉለታል። እሱም ለእናቱ የሚመልሰው ደብዳቤ ሆኖ የዚያን ቀን ክፍል ወጣ። አንባቢው ምን አደረገ መሰላችሁ? ከጋዜጣው ቀድዶ፣ የማይክልን ስም በራሱ ስም ተክቶ፣ ለገዛ እናቱ የላከ ብዙ ነው። ሞፒንም ቢሆን ለወላጆቹ የነገረው በዚያው ነበር፤ ጋዜጣውን በደንበኝነት ያነቡት ነበርና። አንባቢ የልቦለድን ገጽ ፖስታ አድርጎ ሲጠቀምበት ከዚህ ሌላ ምሳሌ አላውቅም። ደብዳቤው በሥነ ጽሑፍ ሚዛን እንከን አለበት፤ አንዳንድ ቦታ ስብከት ይሸታል። የሞፒን ሴራም በአጋጣሚ የተሞላ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚተዋወቅ ይመስላል። ግን አንባቢው ማይክልን ሳይለምድ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን የሚቀድደው ለመጣል ነበር።

ሁለቱ ቅጾች በእንግሊዝኛ እጄ ገቡ። ባለፈው መንፈቅ ማታ ከካፌ ስንመለስ ለዶርም ልጆች ክፍል በክፍል እየቆረጥኩ መተረክ ጀመርኩ። እንደ ወጋየሁ ልሁን ብዬ ነው፤ ሞኝነት በሉት። ግን ፈራሁ። አማርኛ «እሱ»ና «እሷ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አያስኬድም፤ አንድ ማምለጫ ብቻ አለ፣ አንቱታ። ማይክል የሚወደውን ሰው «እሳቸው» አልኩ። «ፍቅረኛውን አንቱ ይላል እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ሐኪም ስለሆኑ ነው» አልኩ፤ ባሰባቸው። ሦስት ማታ እንዲህ ሄደ። ማይክልን ወደዱት፤ ክፍሉ ውስጥ የሚቀልድ ልጅ ሁሉ ስሙ «ማይክል» ሆነ።

በአራተኛው ማታ ደብዳቤው ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ማለት አልተቻለም።

አንዱ ተነሥቶ ፎጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ታሪክ ለመስማትም አልተመለሰ። ሌላው ተቆጣ፣ «ቀድመህ ለምን አልነገርከንም?» አለኝ። «ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?» አልኩት። «አልሰማህም ነበራ!» ሌሎች ሁለቱ ስለ ኃይማኖት ክርክር ጀመሩ፤ እኔም ገባሁበት፤ እስከ ሌሊት አምሽተን አንዳችን ሌላውን አላሳመንንም። ከላይኛው አልጋ ላይ የነበረው፣ ጨዋታ የማያበዛው ልጅ፣ ክርክሩ ሲበርድ፣ «እናቱስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ስለ ቁጡው ልጅ ብዙ አሰብኩ፤ እውነት አለው። በ«እሳቸው» መደበቄ ማታለል ነበር። የባሰው ደግሞ የሂስ ስሕተት ነው። ሞፒን ምንም አልደበቀም፤ አንባቢው ማይክል ማን እንደሆነ ከጥዋቱ ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁም አልደበቁም፤ የደሃ ልጅ የባላባት ልጅ እንደወደደ አድማጩ ያውቃል። ሁለቱ ለአንባቢያቸው የሰጡት ጊዜ ነው፤ እኔ የሰጠሁት ምሥጢር ነው። ምሥጢር ሲገለጥ አድማጭ የተታለለ ይመስለዋል፤ መውደዱንም መልሶ ይነጥቃል።

ለመፍራቴ ምክንያት የለኝም አልልም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ይከለክል ነበር፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይከለክላል፣ በእስራት ያስቀጣል። አማርኛችን ለእንደዚህ ያለው ልጅ ያለው ስም ወይ ከአንቀጹ ወይ ከስድብ የመጣ ነው። ደራሲ ሊተርክለት ቢነሣ ገና ስሙን ሲጠራ ፍርዱን አብሮ ጠርቷል። ተከታታይ ታሪክ ለዚህ አንድ መላ አለው፤ ልጁን «ማይክል» ብሎ ይጀምራል፤ ሥራ ፍለጋውን፣ ለቅሶውን፣ ለእናቱ ያለውን ስስት ይተርካል። ስለ ሕጉ ያላችሁን አቋም በዚህ ገጽ ላይ ልለውጥ አልተነሣሁም። አንድን ሰው ከስሙ በፊት በምን እንደምናውቀው ግን የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ የሕግ ክፍል ተማሪዎች አይመልሱልንም።

ደግሞም ልቅሶን ከልክ በላይ አላምነውም። አያቴ ለሰብለ ወንጌል ያለቀሰች ሴት ነበረች። የገዛ ልጇ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ስትወድ ግን «ዘሩ አይታወቅም» ብላ ለያየቻቸው፤ በኋላም ለሌላ ዳረቻት። አክስቴ የበዛብህ ሞት ሲተረክ ሬዲዮው አጠገብ ነበረች። አያቴ እያለቀሰች ነጠላዋን ወደ እሷ ዘርግታ «እንኪ ዓይንሽን ጥረጊ» እንዳለቻት አክስቴ ራሷ ነግራኛለች፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መታየት ሲጀምር ዶርማችን እንደገና ተሰበሰበ። ቁጡው ልጅም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ማይክል አላነሣንም። በዛብህ ሲመጣ ግን በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «ይኼንንስ ከመጀመሪያው እናውቀዋለን» አለኝ።

ሁለተኛው ቅጽ አሁን እኔ ዘንድ የለም። «እናቱስ?» ያለው ልጅ የዚያን ሌሊት ማግሥት ወስዶታል። እስካሁን አልመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።