የበረሃው ፕላኔትና የላስታ ገበሬዎች

ከወጣቶች ኅብረት ፕሮግራም በኋላ እዚሁ ወለንጪቲ አንድ ወንድም ቤት ተሰብስበን የ«ዱን»ን ሁለተኛ ክፍል በላፕቶፕ አየን። አቧራና ሙቀት ስለማይገርመን ይሆናል፣ አሸዋማዋ ፕላኔት አራኪስ ብዙም አልራቀችብንም። ክርክሩ የተነሣው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። አንዲት እኅት «ቢያንስ እነሱ የሚያምኑትን የሚያምን መሪ አገኙ» አለች፤ ብዙዎቻችንም ተስማማን። እኔ ግን ነገሩ ከንክኖኝ ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ።

ፍራንክ ሀርበርት ልብ ወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ፍሬመን የተባሉት የበረሃው ሰዎች ከውጭ የሚመጣ ነጻ አውጪ ይጠብቃሉ። ተስፋውን አስቀድሞ የዘራባቸው ግን ቤነ ገሰሪት የተባለ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ከአባሎቹ አንዷ እዚያ ብትቸገር መጠጊያ እንዲሆናት። ፖል አትረይዲስም ይህን እያወቀ ይጠቀምበታል። የሕዝቡ ልብ እንዳይከዳው ፈርቶ በቤቴልና በዳን የወርቅ ጥጃ ያቆመውን ኢዮርብዓምን ለምናውቅ (1 ነገሥት 12) ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በመጽሐፉ የወደድኩት ስቲልጋርን ነው። ይህ የፍሬመን አለቃ በመጀመሪያ የፖል ወዳጅ ነበር፤ ቀስ በቀስ አምላኪው ሆነ። ፖልም ወዳጁን እንዳጣ ይገባዋል። ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ሀርበርት የሳተው የሕዝቡን እምነት ነው። በእሱ ዓለም ገዢው ያስባል፣ ሕዝቡ የተነገረውን ያምናል። የእኛን አገር ታሪክ ያነበበ ግን ይህን እንዲህ በቀላሉ አይቀበልም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ከመጡ በኋላም ካህናት ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ በዓላት በሮም አቆጣጠር እንዲውሉ ታዘዘ። አመፅ በየአቅጣጫው ተነሣ። በ1632 መልክዓ ክርስቶስ የመራው የላስታ ጦር ወይና ደጋ ላይ ተሸነፈ፤ 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀም ይነገራል። ሬሳው በተኛበት ሜዳ ላይ የሞቱት የገዛ ክርስቲያን ሕዝባቸው መሆኑን ለንጉሡ ያስታወሷቸው የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ድል ባደረጉ ማግስት ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

እንዲህ ያለ ገበሬ «ዱን» ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የ2024ቱ ፊልም ዳይሬክተር ዴኒ ቪልነቭ ጉድለቱ የታየው ይመስለኛል። በመጽሐፉ ከፖል ጎን የማትለየው ቻኒ በፊልሙ ትንቢቱን አልቀበልም ብላ ትታው ትሄዳለች። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ግን ቻኒ እምቢ ያለችው ስለማታምን ነው። ላስታዎች እምቢ ያሉት ስለሚያምኑ ነበር።

እኛ ወንጌላውያን የሱስንዮስም የላስታም ወገን አይደለንም። ቢሆንም በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶቻቸው የታሸጉባቸው ወላጆቻችን የገበሬዎቹን ስሜት አይስቱትም ነበር።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ነገርኳት። «እሺ፣ ገዢው የእኛን እምነት ይዞ ቢመጣስ?» አለችኝ። መጽሐፉን አዋስኳት፤ ስቲልጋር ያለበትን ገጽ አጥፌ።