ከፀሐይ የቀደመው የፀሐይ ቆጣሪ

ስለ ውስብስብ የእጅ ሰዓቶች የሚጽፉ ሰዎች «ኤኳሲዮን ማርሻንት» የሚባለውን ስልት ሲያወድሱ፣ ባለቤቱ እውነተኛውን የፀሐይ ሰዓት በእጁ አስሮ እንደሚሄድ ይነግሩናል። ስልቱ ሙገሳ ይገባዋል፤ ይህኛው ሙገሳ ግን ሐሰት ነው። ምድር በሞላላ ምህዋር ስለምትዞርና ዛቢያዋም ስላዘመመ ፀሐይ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓቶቻችን ከሚቆጥሩት አማካይ ሰዓት 16 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ በፌብሩዋሪ 14 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ይህን የሚይዘው በዓመት አንዴ የሚዞር፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ካም ነው። ቀጭን ማንሻ ጠርዙን እየዳሰሰ ወደ ጎድጓዳው ሲወርድና ወደ ጉብታው ሲወጣ፣ ዲፈረንሻል የተባለው የማርሽ ስልት ያንን እንቅስቃሴ ከደቂቃው ጉዞ ጋር እየደመረ ጫፉ ላይ ፀሐይ ለተቀረጸበት ሁለተኛ የደቂቃ ቆጣሪ ያደርሰዋል። የሠሪው ሞረድ ከካሙ ጠርዝ ጥቂት አብዝቶ ቢበላ፣ ቆጣሪው በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይሳሳታል። የሰዓት ሥራ ከዚህ የበለጠ ውብ ነገር ያፈራ አይመስለኝም።

ችግሩ ያለው ካሙ ከምን ተነሥቶ እንደሚያሰላ ላይ ነው። ሰዓት ሠሪው ቶማስ ቶምፒዮን በ1709 ለእንግሊዟ ባዝ ከተማ ይህንኑ የፀሐይ ልዩነት የሚያሳይ ሰዓት ሲሰጥ ከተማዋ የምትተዳደረው በራሷ ሰማይ ነበር። ጄኔቫም በ1780 ወደ አማካይ ሰዓት ስትዞር የወሰደችው የራሷን አማካይ ነው። ከ1884ቱ የዋሽንግተን የኬንትሮስ ጉባኤ ወዲህ ግን የሰዓት ቀጠናዎች ተስፋፉ። ዛሬ ጄኔቫ በ6 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ተቀምጣ በ15 ዲግሪ ኬንትሮስ ሰዓት ትሠራለች፤ ልዩነቱ 35 ደቂቃ ነው። ሰዓት ሠሪው ብላንፓን በ2004 ስልቱን ወደ እጅ ሰዓት ሲያመጣው ይህ 35 ደቂቃ በካሙ ላይ አልተቆረጠም። ስለዚህ ኖቬምበር 3 ቀን ጄኔቫ ላይ የፀሐዩ ቆጣሪ ከመደበኛው 16 ደቂቃ ቀድሞ ይታያል፤ ፀሐይ ግን አናት ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6፡19 ነው። ቆጣሪው በመጠን ብቻ ሳይሆን በአቅጣጫም ይስታል። አዲስ አበባም ሰዓቷ ከሚቆጠርበት ከ45ኛው ዲግሪ በምዕራብ ስለሆነች በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ናት፤ በዚያው ዕለት እኩለ ቀኗ 6፡09 ገደማ ነው።

ስልቱ ልዩነቱን እንጂ የቦታን ሰዓት አልተናገረም የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ልዩነቱን ብቻ ለማሳየት ከሆነ ከ−14 እስከ +16 የተከፈለ ትንሽ መስፈሪያ ይበቃ ነበር፤ በደቂቃ ክበብ ላይ የሚሮጥ ባለፀሐይ ቆጣሪ ግን እንደ ሰዓት ይነበባል። ባለቤቱ ዋናውን ቆጣሪ በከተማው አማካይ ሰዓት ቢሞላው የፀሐዩም ይስተካከላል፣ ባቡር ግን ያመልጠዋል። ከዚህ ሁሉ ሌላው ሰዓት ሠሪ ኦዴማር ፒጌ በዡል ኦዴማር ሰዓቱ የወሰደውን መንገድ እመርጣለሁ። ለአንድ ለተመረጠ ከተማ ኬንትሮስ ተስተካክሎ የዚያን ከተማ የፀሐይ እኩለ ቀን ያሳያል። ሠሪዎቹ ኬንትሮስን የስሌቱ አካል ማድረጋቸው ከሚሮጠው ቆጣሪ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ግን ስሌቱ አይከተለውም።