3060 ቲአይ እና 4060 ቲአይ፦ ቁጥሩ ሲያድግ መንገዱ ለምን ጠበበ?

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሙ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። 3060 እና 4060 ጎን ለጎን ከተቀመጡ 4060 ይበልጣል፣ አለቀ። ሻጩም ከዚህ የተለየ ነገር አይነግራችሁም። እስቲ ይህን ግምት በሁለት የኤንቪዲያ ካርዶች ላይ እንፈትነው። አርቲኤክስ 3060 ቲአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020፣ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ደግሞ በሜይ 2023 ነው። ሁለቱም ሲወጡ የተተመነላቸው ዋጋ 399 ዶላር ነበር (የመጀመሪያውን በዚያ ዋጋ ያገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ ጊዜው የቺፕ እጥረትና የክሪፕቶ ማይኒንግ ጊዜ ነበር)። ታዲያ ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቆ አዲሱን የገዛ ሰው ምን አተረፈ?

ከስሌት አቅም እንጀምር። ግራፊክስ ካርድ ውስጥ ኮር የሚባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አስሊዎች አሉ። 3060 ቲአይ 4864 ኮር አለው፤ 4060 ቲአይ 4352። ተሳስታችሁ አላነበባችሁም፣ ያነሰው አዲሱ ነው። ግን አዲሱ በጣም ይፈጥናል፦ በአምራቹ መግለጫ የአሮጌው ፍጥነት 1.665 ጊጋኸርዝ ሲሆን የአዲሱ 2.535 ነው። አንድ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል ብለን ስናባዛ፣ አሮጌው በሰከንድ 16.2 ትሪሊዮን፣ አዲሱ 22 ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል። አዲሱ በ36 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። ማስታወቂያ ላይ ይሄ ቁጥር ያምራል።

አሁን ሌላኛውን ቁጥር እዩት። ኮሮቹ የሚያሰሉትን ዳታ የሚያመጡት ካርዱ ላይ ካለው ሜሞሪ ነው። ሜሞሪውንና ቺፑን የሚያገናኘው መንገድ በአሮጌው 256 ቢት ስፋት ነበረው፣ በአዲሱ 128 ቢት ነው። በግማሽ ጠቧል! የአዲሱ ሜሞሪ ራሱ ፈጠን ይላል፤ በአንድ መስመር በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ የአሮጌው 14። ግን የጠበበውን አይተካም። ስፋቱን በፍጥነቱ አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉት፣ አሮጌው በሰከንድ 448 ጊጋባይት፣ አዲሱ 288 ጊጋባይት ያመላልሳል። ቅናሹ ስንት ነው? እሱም 36 በመቶ።

ወፍጮ ቤት አስቡ። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ከጎተራ እህል ተሸክሞ የሚያመጣው ሰው ካልደረሰለት ባዶውን ይዞራል። ኤንቪዲያ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ መፍትሔው ከወፍጮው አጠገብ ትልቅ ጆንያ ማስቀመጥ ነበር። ጆንያው ካሽ ይባላል፤ ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ፣ ግን እጅግ ፈጣን ሜሞሪ ነው። በአሮጌው 4 ሜጋባይት የነበረው ዋናው ካሽ በአዲሱ 32 ሆነ። ደጋግሞ የሚፈለግ ዳታ እዚያው ስለሚገኝ ጎተራ ድረስ መመላለሱ ይቀንሳል። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ ጆንያው ልክ ያለው መሆኑ ነው። 1080ፒ ስክሪን ላይ አንድ ምስል 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ 4ኬ ላይ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። ሥራው ሲሰፋ ካሹ ውስጥ የማይገኘው ይበዛል፣ ቺፑም ወደዚያው ጠባብ መንገድ ይመለሳል።

ገምጋሚዎች የለኩትም ይህንኑ ያሳያል። 1080ፒ ላይ አዲሱ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ የስክሪኑ ጥራት ሲጨምር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ 4ኬ ላይ አንዳንድ ጌሞች ውስጥ አሮጌው ይቀድማል። ያ ሁሉ 36 በመቶ የት ገባ? እህል ጥበቃ።

እኔን ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ቅር ያሰኘኝ የሜሞሪው መጠን ነው። በ2020 8 ጊጋባይት ነበር፣ በ2023ም 8 ጊጋባይት። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ለኮምፒውተር የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 1» 8 ጊጋባይት ያላቸውን ካርዶች በከፍተኛ የምስል ጥራት ላይ አስጨንቋቸው ነበር። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ቀሪው ዳታ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፤ ያ መንገድ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ጌሙ ቆም ቆም ይላል። በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት በአማካይ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ መቆራረጡን ይደብቀዋል። ስለዚህ አማካይ ብቻ የሚያሳይ ግምገማ ካነበባችሁ ግማሹን ነው ያነበባችሁት። ኤንቪዲያ በጁላይ 2023 ባለ 16 ጊጋባይት 4060 ቲአይ በ499 ዶላር አወጣ። ቺፑ ያው፣ መንገዱም ያው 128 ቢት። 8 ጊጋባይት በሚበቃበት ጌም ሁለቱ እኩል ናቸው፤ መቶ ዶላሩ የሚገዛው ፍጥነት ሳይሆን ቦታ ነው።

ጌም የማትጫወቱ፣ ግን የቋንቋ ሞዴል ቤታችሁ ማስኬድ የምትፈልጉ ካላችሁ ንጽጽሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ሞዴሉ እያንዳንዷን የቃል ቁራጭ ለማውጣት በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ከሜሞሪ ማንበብ አለበት። 4 ጊጋባይት የሚመዝን ሞዴል ብንወስድ፣ የአሮጌው ጣሪያ 448 ለ4 ሲካፈል በሰከንድ 112 ቁራጭ ነው፤ የአዲሱ 72። በተግባር ሁለቱም ከጣሪያው በታች ይሆናሉ። 32 ሜጋባይት ካሽ ግን ለ4 ጊጋባይት ሞዴል ምን ይፈይዳል?

ለአዲሱ የሚገባውን እንስጠው። አሮጌው 200 ዋት የሚፈልገውን እሱ በ160 ይሠራል፤ ሙቀቱም ድምፁም ይቀንሳል። ፍሬም ጀነሬሽን የሚባል ነገርም አለው፤ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መሃል ካርዱ የገመተውን አንድ ፍሬም ያስገባል። ምስሉ ይለሰልሳል፣ እውነት ነው። ማውስ ስትነኩ ግን ጌሙ የሚመልስላችሁ በእውነተኞቹ ፍሬሞች ፍጥነት ነው። ይህን ከሌሎቹ ፍሬሞች ጋር ደምሮ «ፈጠነ» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ቺፑን ካየን ደግሞ የአሮጌው 392 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ትንሽ ቺፕ ጥፋት የለበትም፤ በምህንድስና ካየነው ያስደንቃል። ቅሬታዬ ስሙና ዋጋው ላይ ነው። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ስም ይዞ በ300 ዶላር ቢመጣ ማንም አያማውም ነበር።

የቆየ ኮምፒውተር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። 4060 ቲአይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ነው፣ 3060 ቲአይ በ16። ማዘርቦርዳችሁ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ከሆነ አዲሱ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ያገኛል፣ አሮጌው 16። ሜሞሪው እስኪሞላ ብዙም አይታወቃችሁም፤ ከሞላ በኋላ ግን ራም ድረስ የሚያመላልሰው ይሄው መንገድ ነው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የማዘርቦርዳችሁን ሞዴል ጽፋችሁ ያዙ። ያገለገለ 3060 ቲአይ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ማይኒንግ ላይ የከረመ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ ፊት ከባድ ጌም አስነሱበትና የፋኑን ድምፅ ስሙ።