ስሟ ያልተመዘገበው ባለሙያ፦ የሸክላ ዐውደ ርእይ ከሐይቅ እስጢፋኖስ አንጻር ሲታይ

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የብራና ቅርሶች ዋነኛው አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ነው። መጽሐፉ የሰጪውን ስም ይናገራል፤ ሥዕላቸውንም ይዟል። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት የዚሁን ገዳም አበምኔቶች ታሪክ መከተል የቻሉትም ገዳሙ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ስላቆየ ነው። የጋንና የእንስራ ሠሪዎች ስም ግን በገዳም መዝገብ ሲጠራ አላጋጠመኝም። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሸክላን በአብዛኛው የሚሠሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። እንስራው በር አልፎ ይገባል፤ ሠሪዋ ውጭ ትቀራለች።

ይህ የስም ማጣት ጉዳይ ወደ ዛሬው ዐውደ ርእይ ያመጣናል። የሸክላ ሠልጣኞች ሥራቸውን በዐውደ ርእይ ሲያቀርቡ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ» ይባላል። ይህ አባባል ሊመረመር ይገባዋል። ሸክላ ከጥንት ጀምሮ ገበያ መሬት ላይ ተደርድሮ ሲታይ ኖሯል፤ ተመልካቹም ቀላል ሰው አልነበረም። ገዢዋ ማሰሮውን አንስታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ካለ ጤነኛ ነው፤ ከታፈነ የተሰነጠቀ ቦታ አለው ብላ ትመልሰዋለች። የከንፈሩን ውፍረትና የቂጡን አቀማመጥ በእጇ ትዳስሳለች። ቤት ከወሰደችው በኋላም ካላሟሸችው አታበስልበትም። በዐውደ ርእይ አዳራሽ ውስጥ ግን «አይነካም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ዐይን ብቻ ይፈርዳል። የጭቃው ዝግጅት፣ ተፈጭቶ የተቀላቀለው ገል፣ የኩበቱ እሳት አያያዝ የሚታወቁት በእጅና በጆሮ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት በዚህ ለውጥ የሚጎዳው ሥራው ነው።

ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ስም ነው። ለዚህ ከአህጉራችን የናይጄሪያዋን ላዲ ኳሊን መጥቀስ ይበቃል። ሸክላን በልጅነቷ ከአክስቷ ተማረች፤ የእንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው የሥልጠና ማእከል በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቀበላት እጇ የበሰለ ባለሙያ ነበረች፤ እንስራዎቿም በአቡጃው ኤሚር ቤተ መንግሥት ቆመው ነበር። ሆኖም «ሠልጣኝ» ተባለች። በ1958 እ.ኤ.አ. የማእከሉ ሥራዎች ለንደን በርክሌይ ጋለሪ ሲታዩ ሸክላዎቿ ስሟን ይዘው ቀረቡ። ዛሬ ምስሏ በሃያ ናይራ ኖት ላይ አለ። ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ ነበር የሚለው ጥያቄ ለእኛም ማሠልጠኛዎች ይሠራል፤ ከእናቷ የተማረች ሸክላ ሠሪ ሰርተፊኬት ስትቀበል ሙያዋ በዚያን ቀን አልተወለደም።

በእኛ አገር የስም ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እያሉ ማራቅ ሥር የሰደደ በደል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸው የሸክላ ምስሎች በመንገድ ዳር ለጎብኚ ተሽጠው ብዙ አገር ደርሰዋል። ሠሪዎቹ በአብዛኛው በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራውን ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉበት። ከእነዚያ ምስሎች ስንቱ «የፈላሻ ሸክላ» ከሚል የጅምላ መጠሪያ በቀር የሠሪዋን ስም ይዟል? ለስድብ የወል ስም ተሰጣቸው፤ ለሙያቸውም ያው የወል ስም ተሰጣቸው።

ስለዚህ የተማሪዎች ዐውደ ርእይ ዋጋው ሥራዎቹ «ዘመናዊ» በመምሰላቸው አይለካም። ጀበናን ጠምዝዞ ቅርጻ ቅርጽ ማስመሰል ብቻውን ጥበብ አያደርገውም፤ ቡና የማይቀዳበት ጀበና ከመልኩ ሌላ የሚያቀርበው ሐሳብ ሊኖረው ይገባል። መለኪያው ሠሪዋ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነመምህሯ፣ አፈሩ ከተቆፈረበት ቀበሌ ጋር መመዝገቧ ነው።

በደሴም ሆነ በሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ ዝግጅት ለምታሰናዱ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው፦ ከእያንዳንዱ ሸክላ ሥር የሠሪዋን ስም ከነአባቷ ጻፉ፤ ያስተማረቻትን እናት ወይም አክስት አብራችሁ ጥሩ፤ ቢያንስ አንዱን ማሰሮ ደግሞ ተመልካቹ አንስቶ ኳ ኳ እንዲያደርገው ፍቀዱ።