የሾለከ ነፋስ አይመለስም

የታደሰ የጦር መኪና ሲቆም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔም ቀለም እያየሁ አልፍ ነበር፤ አንድ አዛውንት መካኒክ ኡራል ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እስካይ ድረስ።

መኪናው ኡራል 375ዲ ነው። ሚያስ በምትባል የሩሲያ ከተማ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ፣ ስድስቱም እግሩ የሚጎትት፣ 7 ሊትር ቤንዚን ሞተሩ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው። በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በደርግ ዘመን ሠራዊት ውስጥ ያለፈ ሰው ኡራልን በድምፁ ይለየዋል።

የዚህ መኪና ትልቁ ጥበብ ግን ጎማው ነው። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሳይወርድ፣ የጎማውን ነፋስ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ደህና መንገድ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር 3.2 ኪሎ ይይዛል፤ አሸዋ ወይም ረግረግ ሲገጥመው እስከ 0.5 ይወርድና ጎማው እንደ ግመል ኮቴ ተዘርግቶ ይረግጣል። ጥይት ቢበሳው እንኳ ኮምፕሬሰሩ እየሞላ ጥቂት መንገድ ያስኬደዋል።

ታዲያ ነፋሱ ከማይዞረው አካል ወደሚዞረው ጎማ እንዴት ይሻገራል? ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ መሐል ጎማውን የሚያዞር የብረት ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ውስጡ ተቦርብሯል። ነፋሱ ወደዚያ ቀዳዳ ሲገባ እንዳያመልጥ ግራና ቀኙን ከላስቲክ የተሠራ ጎሚኒ አቅፎታል። ጎሚኒው የሚያርፍበት የዘንጉ ክፍል ጠባብ ቀለበት ነው። የመኪናው ብልሃት በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ሽማግሌው ዘንጉን አወጡት፤ በናፍጣ አጠቡት፤ በጨርቅ አደረቁት። ከዚያ መሣሪያ አላነሡም። ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በቀለበቱ ላይ ጎተቱት። መሐል ላይ ጥፍሩን ያዝ አደረገው።

«ጋሼ፣ አዲስ ጎሚኒ አለን እኮ» አለ ረዳቱ።

«ጎሚኒው ምን በደለ? የተበላው ብረቱ ነው። በተበላ ብረት ላይ አዲስ ጎሚኒ ሳምንት አያድርም።»

ዘንጉ ቶርኖ ላይ ወጣ። የተበላው ክፍል ተላጠ፤ ስስ የብረት እጀታ በግድ ተሰካለት፤ እሱም በተራው ተላጠ። ሊጠናቀቅ የፀጉር ያህል ሲቀረው ሽማግሌው ማሽኑን አስቆሙና ሻይ አዘዙ። ብረት ሲላጥ ይግላል፤ ሲግል ያብጣል፤ ያበጠን ብረት የለካ ሰው ራሱን ያታልላል። ሻይው አልቆ ብረቱ ሲበርድ ለኩ። የቀረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት እያስነኩ፣ በእጃቸው ጨረሱት። ቀለበቱ ሲወፍር ጎሚኒው ይቃጠላል፤ ሲቀጥን ነፋሱ ያመልጣል።

ቶርኖ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ጋቢና፤ የጋራዡ ቃል ብዙው ከጣልያን የመጣ፣ መኪናው የሩሲያ። ሽማግሌው ደጋግመው የሚሏት ቃል ግን የእኛው ናት፤ «ልክ»። ጫማ በልክ ይገዛል፤ እውነት የተናገረም ልክ ነው ይባላል። እሳቸው ዘንድ ሁለቱ አይለያዩም። «አዲስ አደረጉት» ስላቸው ደስ አላላቸውም። «ልኩን መለስኩለት» አሉ።

ማምሻውን ስድስቱም ጎማ ተነፋ። የየጎማው ቧንቧ ክፍት ተተወ፤ ስድስቱንም አንድ ጌጅ ያሳያል። ሞዞዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡና ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩ። ቡፍ ያለ አረፋ የለም። 3.2 ላይ ትተውት ሄዱ።

ጠዋት ስንመጣ መርፌው 3.0 ላይ ወርዷል። ረዳቱ ፊቱ ጠቆረ፤ መፍቻውን አነሣ። ሽማግሌው ጋቢውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ «ተወው፣ ብርዱ ነው» አሉ።

እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን። ፀሐይዋ ጎማዎቹን ስትመታ መርፌው ቀስ እያለ ተነሥቶ 3.2 ላይ ቆመ። የሾለከ ነፋስ አይመለስም፤ ይሄ ተመለሰ።

መኪናው ገና ዝገቱ አልተፋቀም፤ በሩ እንደተጨረመተ ነው። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ታጠቡ። «ቀለሙን» አሉ ወደ ረዳቱ እያዩ፣ «እሱ ይቀባዋል።»