እረኛ ምን አለ?

የጥንት ነገሥታት አገር እንዴት እንዳለ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሹመት ስለማይጠብቅ ያየውን ይዘፍናላ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችን ከቃል ግጥም ጋር አያይዤ አነሳት ነበር። ዛሬ ደግሞ የስለላ ሪፖርት የሚባለውን ድርሰት ልመዝንባት ነው። ድርሰት ማለቴ ለቀልድ አይደለም። ጸሐፊ አለው፣ አንባቢ አለው፤ ጸሐፊውም አንባቢው ምን መስማት እንደሚወድ አሳምሮ ያውቃል።

እስቲ የአሜሪካኖቹን እንይ። ሚያዝያ 1953 ዓ.ም. ሲ.አይ.ኤ. በምስጢር ያሠለጠናቸውን 1,400 ያህል ስደተኛ ኩባውያን ቤይ ኦፍ ፒግስ ላይ አራገፈ። አለን ዳለስና ሪቻርድ ቢስል ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ «ይሳካል» ብለው ነበር። በሦስት ቀን አለቀ፤ ከመቶ በላይ ሞቱ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተማረኩ። የሚገርመው፣ የድርጅቱ የራሱ ተንታኞች ስለ ዕቅዱ አልተጠየቁም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ናቸው ለዕቅዱ የመሰከሩት። የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር መርምሮ፣ መሪዎቹ እውነቱ በቅጡ አልተነገራቸውም ሲል ጻፈ። ጽሑፉ ግን እስከ 1990 ዓ.ም. ተቆልፎበት ቆየ።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. አማርኛ የሚናገረው፣ ሙሉ ላይ ያረሰው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን በድብቅ ገባ። ለወራት ከአርበኞቹ ጋር ተቀምጦ ያየውን ላከ። ጥር 12 ቀን 1933 ጃንሆይ በኦሜድላ ገቡ። የዊንጌት ጦር ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው፤ ጣሊያኖቹ በብዙ ይበልጡት ነበር። ሆኖም ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህን ታሪክ የዊንጌት ብልጠት ብቻ አድርገው የሚተርኩልን መጻሕፍት አሉ። እኔ አልቀበልም። ናታሌ ጥቂቱን ጦር ብዙ ነው ብሎ ያመነው፣ የጣሊያን ጦር ለዓመታት ከየጋራው ሲተኮስበት ስለኖረ ነው። ቁጥሩ ቢሳሳትም ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ተነስቷል። ኩባ ላይ ግን ሕዝብ ይነሳል የተባለው በወረቀት ነበር።

ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ሄዶ አየ፣ ሌላው ለአለቃው የሚጥመውን ጻፈ። በየዘመኑ፣ በየወገኑ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ አይጠፋም። ሪፖርቱ ሲፈርስ ጸሐፊው ወንበር ይቀይራል። ልጁን የሚቀብረው ገበሬው ነው።